ሁለት ብሎን

ጥቅምት 6

...ቁልፉን ስትሰጠኝ ጣቶችህ ላይ ጥቁር ቀለም ነበር። «ሳይደርቅ ነው እንዴ የምትሰጠኝ?» ብዬ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም። ሻንጣህ በሩ ላይ ቆሟል፣ አባባ ከወደቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ አንተ ጣትህን ቤንዚን በነካው ጨርቅ እየጠረግህ አንድ ነገር ልትለኝ አፍህን ከፍተህ

ይቅርታ። ከመሃል ጀመርኩ። ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። እንደገና ልሞክር።

ለምወድህ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፤ ማለቴ ቀኝ ጎኑ እንዳለ ነው፣ ንግግሩም አልተመለሰም፣ ግን ይበላል፣ ይሰማል፣ ይቆጣል። ከሐምሌ ወዲህ ስላልጻፍኩልህ ይቅር በለኝ። ምክንያት ነበረኝ፤ አሁን የምጽፍልህም እሱኑ ነው።

በቅሎዋ ትንቀጠቀጣለች። የአንዱን ሞተር ሳይክል ሻንሲ ከሌላው ትልቅ ሞተር ጋር አጋብተህ ስትሠራት ይህን ስም ያወጣላት አባባ ነበር፣ ያኔ ሲናገር። ከመጀመሪያውም ትንሽ ትንሽ ትነዝር ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ያኔ የምሠራው እዚሁ ሰፈር ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ለሦስት ክሊኒኮች ነው ጥርስ የምሠራው፤ ሁለቱ ከድልድዩ ማዶ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አባባን ለማገላበጥ ቤት መድረስ አለብኝ። አውቶቡስ ይህን አያደርስም። በቀን አራት ጊዜ ድልድዩን እሻገራለሁ።

ከሐምሌ ጀምሮ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። መጀመሪያ ከበቅሎዋ ስወርድ ብቻ ነበር። አሁን ጠዋት ስነሳም የሉም። የሰም ጥርስ ስቀርጽ ቢላዋው የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ዓይኔ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ዓይን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ጠበቃ መንጋጋ በፀጉር ያህል ከፍ አድርጌ ሠራሁ። ሰውየው አፉን መግጠም አቃተው። «ጠበቃ አፉን መዝጋት እንደማይችል ዛሬ ነው ያወቅሽው?» ብለው ሐኪሞቹ ተሳሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የትልቁ ክሊኒክ ዋና ሐኪም ግን አልሳቀችም። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። እጄ ካልተመለሰ ሌላ ሰው ታስገባለች፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ የሚያዩት እሷን ነው። የነርቭ ሐኪሙ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ንዝረቱን ዛሬ ካቆምሽ ሊመለስልሽ ይችላል። በቆየሽ ቁጥር ግን ቃል አልገባልሽም።» እጄ ከሄደ እኔም አባባም አለቀልን። ስለዚህ ንዝረቱ ከየት እንደሚነሳ ፈልግልኝ። የሠራሃት አንተ ነህ። የሰፈሩ መካኒኮች አንዴ ያዩዋትና የሰው ገመና ያዩ ይመስል ፊታቸውን ያዞራሉ።

ደብዳቤዎችህን እንደ ድሮው ለአባባ ጮክ ብዬ ነው የማነብለት። ለብቻህ የምጠይቅህን በትንሿ ወረቀት ጽፌ አጥፌ አስገብቻለሁ። እሷን አላነብለትም።

እህትህ ቅንጣት


ጥቅምት 19

ለአባቴና ለእህቴ፣

አባባ፣ ጉልበትህን እስማለሁ። ቅንጣት፣ ግንባርሽን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ደብዳቤው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት በሦስት ቢሮ ዞሯል።

ያለሁበትን ታውቂዋለሽ፣ ድንጋይ መፍጫ ነው። ወለሉ ሁሉ ይነዝራል። ሻዬን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ብርጭቆው በራሱ ጊዜ ተራምዶ አብሮኝ የሚሠራው በያጅ ጋ ይደርሳል፤ እሱም «በእግሩ መጥቶ እንዴት ልመልሰው?» ብሎ ይጠጣዋል። ስለ ንዝረት ለመጠየቅ ደህና አድራሻ ነው የመረጥሽው።

አሁን ስሚኝ። ንዝረት ሐሜት ነው። የምትሰሚበት ቦታና የተነሳበት ቦታ አንድ አይደለም። መሪው ላይ ስለተሰማሽ መሪውን አትጠርጥሪ። መጀመሪያ ማንን እንደሚከተል እወቂ። መንገዱ ባዶ ሲሆን በስልሳ እየሄድሽ ፍሪሲዮኑን ያዢና ጋዙን ልቀቂ። ሞተሩ ይረግባል፣ ጎማው ግን መዞሩን አያቆምም። ንዝረቱ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ከቀጠለ የጎማው። ከዚያ አቁመሻት፣ በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገቢ፣ ጋዝ ስጫትና እይ። እኔን ከጠየቅሽኝ ጎማው ነው። የኋላውን ከፈተሽሽው ስንት ጊዜ ሆነው? ጎማው ነው፣ ታያለሽ።

በትንሿ ወረቀት የጠየቅሽኝን እዚሁ በትልቁ እመልሳለሁ፣ አባባም ይስማ። ከእሱ የምደብቀው የለኝም። አዎ፣ በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ አራት ሆነ። በግምት ነበር የተናገርኩት። ሳልለካ ስለምቆርጥ «ግምቴ» ብሎ የሰየመኝ እሱ ራሱ ነው፤ የቀን መቁጠሪያውንም ያው እንደ ብረቱ ቆረጥኩት።

እኔም አንዲት ትንሽ ወረቀት አስገብቻለሁ። መልሷን ብቻ ላኪልኝ።

ግምቴ


ኅዳር 1

ጎማው አይደለም።

ሰላምታው ቢቀድም ደግ ነበር፣ ግን አንተን ካወቅሁህ ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። እንዴት ነህ? ይቅርታ፣ ሦስት ቀን የዘገየሁት ሦስት ጊዜ ለመሞከር ነው። ፍሪሲዮኑን በያዝኩ ቁጥር ንዝረቱ ጸጥ ይላል፤ ጎማው እየተሽከረከረ ይቀጥላል፤ የነፋሱን ድምፅ ሁሉ እሰማለሁ። ስለቀው ይመለሳል። ሃምሳ ሁለት ላይ ይጀምራል፣ ስልሳ ሦስት ላይ ይብሳል፣ ከሰባ አምስት በኋላ ይተወኛል፤ በድልድዩ ላይ ግን ማንም ሰባ አምስት አይነዳም። ሲብስ በመስታወቱ የማየው መኪና ሁለት ይሆንና ሁለቱም ይጮኹብኛል። በፎሌ ቆማም ጋዝ ስሰጣት ያው ናት። እንግዲህ የሞተሩ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። «ጎማው ነው፣ ታያለሽ» የሚለውን ሳነብለት አባባ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ። አንድ ጊዜ «አዎ» ነው፣ ሁለት ጊዜ «አይደለም»። ገና ሳልሞክረው ነው ይህን ያለኝ። «ከአልጋ ሆነህ እንዴት አወቅህ?» ብዬ አሾፍኩበት። ዓይኑን አዞረ። «ከእሱ የምደብቀው የለኝም» የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ እጁን ከእጄ አወጣ።

እኔ በማልኖርባቸው ሰዓቶች አብሮት የሚቀመጠው ጎረቤታችን ባለ መድኃኒት ቤቱ ነው። ሰላም ብሎሃል። በቅሎዋ ሱቁ ፊት ስታልፍ ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ እየጨፈሩ አስቸግረውታል። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ያንቺዋ ግን መልስ አጥታ ነው መሰለኝ የምትንቀጠቀጠው» አለኝ። አባባ ሳቀ። በግማሽ ፊቱ ሲስቅ ምን እንደሚመስል አንተ አላየህም።

በትንሿ ወረቀትህ ለጠየቅከኝ፦ አላነሳሁትም። ታንኩን አንስቼ አላውቅም። ለምን አነሳዋለሁ?

ስለ እጄ ካልጠየቅከኝ በቀር አልጽፍም ብዬ ነበር፣ አልጠየቅከኝም፣ ግን ልጻፍ። ትናንት አንድ የሰም ጥርስ ከጣቶቼ መሃል ወድቆ ረገጥኩት። መውደቁን የነገረኝ ድምፁ ነው።

ቅንጣት

(በዚህኛው ትንሽ ወረቀት ላይ ያለውን እባክህ በቀልድ አትመልስልኝ።)


ኅዳር 12

ለአባቴና ለእህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ታንኩን አለማንሳትሽ ጥሩ ነው። አሁንም አታንሺው። የቤንዚኑ ቧንቧ አሮጌ ነው፣ ብትነኪው ይሰነጠቃል።

የሞተሩ ከሆነ ሥራ አለብሽ ማለት ነው። ከታች ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ብሎኖች አጥብቂ፣ ከብሎኑ ሥር የሚገባ ሮንዴላ ከጎደለ ተኪ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀይሪ፤ የተቃጠለ ካንዴላ ሞተርን ያስነጥሰዋል። ሰንሰለቱን በአንድ ጣት ያህል አላልተሽ እይው። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ የያዘው ቀለበት ላልቶ ከሆነ እሱም ያንቀጠቅጣል። በአንዴ ሁሉንም አትሥሪ፤ አንዱን ሠርተሽ ሁለት ቀን ንጂ፣ ከዚያ ሌላውን። አለዚያ የቱ እንደሆነ አታውቂም።  እስከዚያው ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ መሪው ላይ ጨርቅ ጠምጥሚበት። የመሪው ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ክዳኖች ግን ተያቸው፣ ለውበት ነው ያደረግኋቸው።

እጅሽን አልጠየቅሁም ያልሽው እውነት ነው። ስለ እጅሽ ስጠይቅ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው። ይቅርታ።

የሚቀጥለውን ለአባባ አታንብቢለት፣ ያዝናል። አባባ የወደቀበትን ቀን ለምን አነሳሽብኝ? ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ያን ቀን ጠዋት ብረት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ወርክሾፑ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ ጮህኩ፣ ሰው መጣ። ሌላ የለም። በሽተኛ ሰው ዓይኑን ቢያዞር ዓይኑ ደክሞት ነው። በእያንዳንዱ ጭብጥ ትርጉም ከፈለግሽ አንቺም ትታመሚያለሽ።

ግምቴ


ኅዳር 24

አታንብቢለት ያልከኝን አነበብኩለት።

ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው ባይሆን ኖሮ ያመኝ ነበር።

ሰላም ነህ ወይ ሳልል ስለጀመርኩ ይቅርታ አልጠይቅህም።

ያዘዝከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ነዳሁ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን ነዳሁ። ሰንሰለት። ማርሚታ። አንዱን ሠርተሽ ሁለት ቀን ንጂ ብለኸኝ የለ? አንተ ያዘዝክልኝን ለመሞከር ብቻ ድልድዩን ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ። ስልሳ ሦስት ላይ አሁንም መስታወቱ ውስጥ ሁለት መኪና ነው።

ከዚያ ተያቸው ያልከኝን ክዳኖች ከፈትኩ። መሪው ውስጥ እስከ አፉ የቀለጠ እርሳስ ፈስሶበታል። ክዳኑ ሥር ደግሞ ላስቲክ ተጠቅጥቋል። በሰም ሚዛኔ ልመዝነው ፈልጌ ነበር፣ አይወጣም። ሰው መሪ ውስጥ እርሳስ የሚያፈሰው ንዝረቱ ለነጂው እንዳይታወቀው ነው፤ ይህን ባለ መድኃኒት ቤቱ እንኳ ያውቃል። እንግዲህ አንተ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር።

ክዳኖቹን የከፈትኩ ቀን እኔና እሱ በቅሎዋን ወደ አባባ ክፍል ገፋናት። ወርክሾፑ ነው አሁን ክፍሉ፤ አልጋው ደረጃ አይወጣም። የብረት መቅረጫው ቶርኖ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። መስኮቶቹን ከፈትን፣ አስነሳናት፣ ወንበሩን አስጠጋሁለት። ግራ እጁን ይዤ ሞተሩ ላይ ላኖርለት ስል ነጠቀኝ፤ ገለበጠው። በመዳፉ አይደለም፣ በእጁ ጀርባ ነው የሚፈትሸው፣ ረስቼው ነበር። ከታች ጀመረ። አንተ አጥብቂ ያልከኝን ብሎኖች ቶሎ አለፋቸው። ሰንሰለቱን አልፈለገውም። ጋዝ ስጡ ሲል በአገጩ ነው የሚያዘን፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ ይሰጣል። በሕይወቱ ሞተር ነክቶ አያውቅም። እጁ ወጣ፣ ወጣ፣ ታንኩ ሥር ሲደርስ ቆመ። እኔ ሳጠፋትም እጁን ከዚያ አላነሳም።

ታንኩን የያዙት ሁለት ብሎን ናቸው። ፈታኋቸው። ቧንቧው አልተሰነጠቀም። አዲስ ነው።

ሥሩ፣ ሻንሲው ላይ፣ ሁለት የብረት ጉቶ አለ። በመጋዝ የተቆረጠ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ጣቴ ምንም አልነገረኝም። እኛ ጥርስ ሠሪዎች የጠርዝን ሻካራነት በመጨረሻ የምንፈትሸው በታችኛው ከንፈራችን ነው፤ ተንበርክኬ ከንፈሬን አስጠጋሁ። በቀለሙ ሥር የመጋዙ ጥርስ አለ፤ ሞረድ እንኳ አልነካውም። ሲቸኩሉ የቆረጡት ነገር ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሞተር ሳይክል የምስም መስሎት ፊቱን አዞረ።

አባባ በግራ እጁ አየሩን መጋዝ አድርጎ ገፋ፣ ሳበ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዞ ወደ ራሱ ጎተተ። ስከተለው ገፋኝ፤ እንድጎትት ነው የፈለገው። ጎተትኩ። ጎተተ። እንዲህ እየተጓተትን ቆየን። ከዚያ ለቀቀኝና ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ ወለሉ፣ ከቶርኖው እግር አጠገብ፣ ጠቆመኝ።

በጉቶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስልሳ አንድ ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነው። የሻንሲው ብረት ውፍረት ሃያ ስምንት። ሞተሩ ራስ ላይ ያለው ቀዳዳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። በጥርስ መለኪያዬ ለክቼዋለሁ።

በትንሿ ወረቀት አራት ጥያቄዎች አሉ።


ታኅሣሥ 5

እህቴ፣

ለሦስቱ መልሱ አዎ ነው። አራተኛውን መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ፣ ፈሪ ስለሆንኩ።

ሦስተኛ መያዣ ነበራት። ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ። የላይኛው ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ራሱ ላይ የሚይዘው ነው። እኔ ታንኩ ዝቅ ብሎ እንዲተኛ ፈለግሁ፤ ከጎን ስትታይ ከመሪው እስከ ወንበሩ አንድ መስመር እንድትሆን። መያዣው ከለከለኝ። መለካት፣ ሌላ ቅርጽ መሥራት ይቻል ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቆረጥኩት።

አባባ ያን ጊዜ ገባ። ብረት ልገዛ አልወጣሁም ነበር። «አስነሳት» አለኝ። የእጁን ጀርባ አኖረባት። «ይቺን የሚነዳ ሰው እጅ አይኖረውም። መልሰህ በይደው።» እኔም «ሰው በንዝረት አይሞትም» አልኩት። «ግምቴ» አለኝ። በሰው ፊት ሲለኝ አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን የሚስቅልኝ ሰው አልነበረም። መጋዙን ሊቀማኝ ያዘው። ጎተተ። ጎተትኩ። ለቀቀው። አሸነፍኩት ብዬ ነበር፣ ቅንጣቴ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀና ስል አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ወደቀ።

አራተኛው፤ ከመጮኼ በፊት ምን እንዳደረግሁ።

ታንኩ መሬት ላይ ነበር። ሰው ከገባ መጀመሪያ የሚያየው የተቆረጠውን ነው፣ አባባ ትክክል ነበር ይላል፣ በዚህ ነገር ተጣልተው ነው ይላል። አሰብኩ አልልሽም። እጄ ነው ያሰበው። ታንኩን አንስቼ ቦታው ላይ አኖርኩት። ብሎኖቹን አሰርኩ። ከዚያ ወጥቼ ጮህኩ።

ሁለት ብሎን ነው። ፈትተሻቸዋል፣ ምን ያህል እንደሚፈጁ ታውቂዋለሽ። አንዱ አልገባ ብሎኝ አውጥቼ እንደገና ጀመርኩት። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን» ያለሽ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። ያቺን «ትንሽ» አውቃታለሁ። በሕይወቴ በትክክል የለካሁት ነገር እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ መልሼ መበየድ ነበረብኝ። ብየዳ ሃያ ደቂቃ ነው። ግን እሱ በግድግዳው ማዶ ተኝቶ ያዘዘኝን መሥራት አልቻልኩም። ይሰማ ነበር። ስለዚህ እርሳስ አቅልጬ መሪው ውስጥ አፈሰስኩ፣ ጉቶውን ቀለም ቀባሁ፣ ቁልፉን ሰጠሁሽ። ደግ ነገር ያደረግሁልሽ መስሎኝ ነበር፤ እንዳይሰማሽ።

በጥቅምት ልነግርሽ እችል ነበር። ይህን በትንሿ ወረቀት አልጠየቅሽኝም። አልጠየቅሽኝም ብዬ ዝም ማለት ግን አሁን አልችልም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «ታንኩን አንሺ» ብል አንድ መስመር ነበር። ጎማ አልኩሽ። ካንዴላ አልኩሽ። ሁለት ሁለት ቀን ንጂ አልኩሽ። እየነዳሽ እንደሆነ አውቅ ነበር።

በላክሽልኝ ልክ መያዣውን ሠርቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ብየዳ አይፈልግም፤ ሻንሲውን አቅፎ በብሎን ይያዛል። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። በያጁ «ለማን ነው እንዲህ የምትጨነቀው?» ሲለኝ «ለደንበኛ» አልኩት።

ሁለት ነገር በትንሿ ወረቀት ጠይቄሻለሁ። ባትመልሺም


ታኅሣሥ 30

ለወንድሜ፣

ዕቃው በደህና ደርሷል።

የመጀመሪያውን ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ አነበብኩለት። ሙሉውን። ሁለት ብሎን የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ላቁም ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ። ልድገመው ወይ አልኩት፣ አሁንም ሁለት ጊዜ። ከዚያ ይቅር ብለኸዋል ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ እንዳይጨብጠኝ ፈራሁ፤ ሁለት ጊዜ እንዳይጨብጠኝም ፈራሁ። አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛውን፣ ልምጣ ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፦ አልጋህ ላይ የጄሶ ከረጢቶቼን አስቀምጫለሁ።

መያዣው ሞረድ ሳይነካው ገባ። ልኩ ትክክል ነው። አባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ የእጁን ጀርባ አኖረበት፣ ረጅም ጊዜ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ «ጌታዬ፣ ቤንዚኑ አለቀ እኮ» እስኪለው ድረስ። ሃምሳ ሁለት ላይ ምንም የለም። ስልሳ ሦስት ላይ ምንም የለም። ድልድዩን ስሻገር መስታወቱ ውስጥ የነበረው መኪና አንድ ነው፣ ሰሌዳውን ማንበብ ይቻላል። አሁን በዓለም ላይ ካሉ ሞተር ሳይክሎች ሁሉ ለስላሳዋ ሳትሆን አትቀርም። ይህን የምጽፍልህ ልታውቀው ስለሚገባህ ነው፣ ላስደስትህ አይደለም።

ብዕሩ ወረቀቱን የቀደደባቸው ቦታዎች አሉ፣ ይቅርታ። አጥብቄ ካልያዝኩት መያዜን አላውቅም። የነርቭ ሐኪሙ በጥቅምት «ሊመለስልሽ ይችላል» ብሎኝ አልነበር? አሁን ያን ቃል አልደገመውም። «እንጠብቅ» ነው ያለኝ።

ዛሬ ወደ ትልቁ ክሊኒክ ሄድኩ። ቀኑ ዛሬ ስለሆነ። ማታውን ሳይሆን ጠዋቱን ሙሉ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ መንጋጋ ጥርስ ቀርጬ ነበር፤ በዓይኔ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብዬ። ጥሩ ይመስለኛል። ወንበሬ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎልማሳ ሰው ተቀምጧል። ስገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። «ብዙ ሰምቻለሁ ስለ እርስዎ ሥራ» አለኝ። ጨዋ ባይሆን ይሻለኝ ነበር። ቢላዎቼን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ደርድሮልኛል፤ እኔ እንደዚያ አልደረድራቸውም።

ሐኪሟ መጣች። ጥርሱን ከነሳህኑ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አላየችውም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ሁለቱንም እጆቼን ፎጣ ላይ አስዘረጋችኝ።

«እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «የቱን ጣትሽን እንደነካሁ ትነግሪኛለሽ። እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ጨፈንኩ።

ጠበቅሁ። ከውስጠኛው ክፍል ታካሚዋ ሴትዮ ስትጉመጠመጥ ይሰማኛል፣ የሰውየው ጫማ ወለሉ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ሁሉም ነገር ይሰማል። ሐኪሟ ዕቃ ፈልጋ ይሆናል ብዬ ትንሽ ታገሥኩ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

 ዓይኔን ስከፍት መመርመሪያዋ ሌባ ጣቴ ላይ ቆማ ነበር፤ ቆዳው ጎድጉዷል። ሰውየው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ሐኪሟ መመርመሪያዋን ቀስ ብላ አነሳች፣ ጣቴን በፎጣው ጫፍ ሸፈነችው፣ የቀረጽኩትን ጥርስ ከነሳህኑ ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ በሩ ተዘጋ።